ሥራ ሲበረታና ጭንቀት ሲበዛ ቪታሚንና ማዕድን ከገበታችን እንዴት እናግኝ

ሰኔ ለሒሳብ ሠራተኛ ከባድ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ዓመቱን ሙሉ ሳይወራረድ የቆየ ሰነድ ሁሉ ጠረጴዛችን ላይ ይከመራል። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ልቤ ይመታል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጭንቀት ነው ብዬ ለዓመታት ተቀብዬው ኖሬያለሁ። ግማሹ ግን ሌላ ነበር፤ ሰውነቴ ጭንቀቱን የሚቋቋምበት ስንቅ አልቆበት ነበር። ያንን ስንቅ ለመሙላት ስሞክር ብዙ ተሳስቻለሁ፤ እናንተ ስሕተቴን እንዳትደግሙ የተማርኩትን እንደ ቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

መጀመሪያ ደም ተመርመሩ

ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት ጤና ተቋም ሄዳችሁ ሲቢሲ፣ የደም ሴሎችንና በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን የሚለካው ምርመራ፣ ይታዘዝላችሁ፤ ከተቻለ ፌሪቲንም ይታይላችሁ። የደም ማነስና ጭንቀት በምልክት በጣም ይመሳሰላሉ፦ የልብ ምት፣ ድካም፣ ነገር መርሳት፣ ቶሎ መናደድ። ፌሪቲን በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ብረት ስለሚያሳይ ሄሞግሎቢን ከመውረዱ በፊት ጉድለቱን ያስታውቃል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከቆላ ነዋሪው ከፍ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ወረቀቱን ራሳችሁ አንብባችሁ «ደህና ነኝ» አትበሉ፣ ሐኪም ይየው።

ስንቁ የት እንደሚውል እወቁ

ስንጨነቅ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች የሚረጩት በሁለቱ ኩላሊቶቻችን ላይ እንደ ቆብ ከተቀመጡት የአድሬናል እጢዎች ነው። ሃንጋሪያዊው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1928 ቪታሚን ሲን ለይቶ ያወጣው ከእነዚሁ እጢዎች መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እጢዎቹ ቪታሚን ሲን በብዛት ያከማቻሉ፤ ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ሆርሞን ሰውነት ያለ ቪታሚን ሲ ሊያመርተው አይችልም። ቪታሚን ቢ6 አእምሮን የሚያረጋጉትን ሴሮቶኒንና ጋባ የሚባሉ የአንጎል ኬሚካሎች ለመሥራት ያስፈልጋል። ማግኒዥየም ነርቭ ከልክ በላይ እንዳይነሳሳ ይገታል። ብረት ደግሞ ኦክስጅን ወደ አንጎልና ወደ ጡንቻ እንዲደርስ ያደርጋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፦ እነዚህ ጉድለትን ይሞላሉ እንጂ ጭንቀትን አያጠፉም። ያልጎደለበት ሰው በላይ በላዩ ኪኒን ቢውጥ የሚያተርፈው ነገር ብዙም የለም።

ቡናውን ከምግቡ አርቁት

እኔን ያሰናከለኝ ይህ ነው። ደሜ ማነሱ ታውቆ የብረት ኪኒን ታዘዘልኝ። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳላጓድል ዋጥኩ። ድጋሚ ስመረመር ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። መድኃኒቱን የሚሰጠኝ ባለሙያ ወረቀቱን አየና «እህቴ፣ ኪኒኑን መቼ ነው የምትውጪው?» አለኝ። «ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ቡናዬን ስጠጣ» አልኩት። ነገሩ እዚያው ላይ ተገለጠልኝ።

ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ብረትን አንጀት ውስጥ አስረው እንዳይመጠጥ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት በ39 ከመቶ ቀንሶታል፤ ሻይ ደግሞ በ64 ከመቶ። ከዚያው ጥናት እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፦ ምግብ ከመብላት አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልጎዳም፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ጎድቷል። የእኛ ልማድ ደግሞ ቡናን ከምሳ አስከትሎ መጠጣት ነው።

ቡና ተዉ አልልም፤ እኔም አልተውኩም። ሰዓቱን ብቻ ቀይሩት። ቁርሴን ጠዋት 1 ሰዓት እበላለሁ፣ ቡናዬን 4 ሰዓት ላይ እጠጣለሁ፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ከምሳ በኋላ ውኃ ብቻ። ከ8 ሰዓት በኋላ ቡና የለም፤ ካፌይን በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና እኩሌታው ማታ 3 ሰዓት ላይም አብሯችሁ ነው።

እሑድ ግን ቤት ውስጥ ከባድ ነበር። እናቴን «እማዬ፣ ቡናውን ከምሳ በፊት እናፍላው» ስላት «ባዶ ሆድ ላይ ቡና? ጨጓራሽን ልትፈጂው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን የገብስ ቆሎ ቀርቦ አቦሉም ቶናውም ይጠጣል፣ ከዚያ ምሳው ይሠራል፤ ምሳው እስኪደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚያልፍ ሁላችንም ደስ ብሎናል።

ገበታውን አቀናጁ

ጤፍ ብረት አለው ብላችሁ ብቻ አትመኩ። በምርመራ ከሚገኝበት ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የሚቀላቀል ነው። ጤፉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረትንና ዚንክን ያስራል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ በችኮላ ከተጋገረ እንጀራ ሁለት ሦስት ቀን የቦካውን እመርጣለሁ፤ ኮምጠጥ ቢልም።

ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ላይ ጥሬ ነገር ጨምሩ፦ የቃሪያ ስንግ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ። ቪታሚን ሲ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ብረት እንዲመጠጥ ይረዳል፤ እሳት ላይ ሲቆይ ግን ስለሚጠፋ ቃሪያው መብሰል የለበትም። ከፍራፍሬ ዘይቱን፣ ጓቫም የሚባለው፣ በቪታሚን ሲ ብርቱካንን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለማግኒዥየም ውድ ኪኒን አያስፈልግም። አንድ እፍኝ የተቆላና የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ 150 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ ለአንዲት ሴት በቀን ከሚያስፈልጋት ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሱፍ፣ ሰሊጥና ተልባም ጥሩ ናቸው። ቢሮ ለመክሰስ የምንገዛው ከነጭ ፉርኖ ዱቄት የተጋገረ ኬክና ዳቦ ግን ማግኒዥየሙ አብዛኛው ከገለባው ጋር ተነስቶለታል።

አዮዲን ያለው ጨው ግዙና አዮዲኑ እሳት ላይ እንዳይባክን ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ።

ጿሚ ከሆናችሁ

የሐዋርያት ጾም ብዙውን ጊዜ ከሰኔው ጥድፊያ ጋር ይገጥማል። ቪታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች አንድ ጾም ሰውን አይጎዳም። የሚያሳስበው በፍስክም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እምብዛም የማይቀምስ ሰው ነው፤ እጅና እግር መደንዘዝ፣ የማስታወስ ችግርና ድካም ከተሰማው ቢ12ቱን ይለካ። ለእኔ ፍስክ ሲሆን በሳምንት ጥቂት እንቁላልና አንድ ቀን ጉበት በቂ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጉበት ከማብዛት ትቆጠብ፣ ቪታሚን ኤው ይበዛባታል።

ኪኒን ከታዘዘላችሁ

ብረትን ከብርቱካን ጭማቂ ወይም ከውኃ ጋር ዋጡት። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ። ኪኒኑን ከልጆች አርቃችሁ ቆልፉበት፤ የብረት ኪኒን ከረሜላ መስሏቸው የዋጡ ሕፃናት ሊሞቱ ይችላሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ የምትወስዱ ከሆነ ብረትና ማግኒዥየም መድኃኒቱን እንዳይሠራ ስለሚያደርጉት ሰዓቱን እንዴት እንደምታራርቁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። የቢ6 ኪኒንን በብዛት ለረጅም ጊዜ መዋጥ ደግሞ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ «ቪታሚን ቢበዛ ምን ያመጣል» የሚለውን አትስሙ።

ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ተመርመሩ። ሄሞግሎቢን ቢስተካከልም የተጠራቀመው ብረት እስኪሞላ ወራት ስለሚፈጅ ሐኪሙ ሳያዝዝ አታቋርጡ። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ግን ገበታውን እያስተካከላችሁ አትጠብቁ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። እኔ ሰዓቱን ከቀየርኩ በኋላ በሦስተኛው ወር ሄሞግሎቢኔ ከ10.4 ወደ 12.9 ወጣ። የዚያን ዓመት ሰኔም ሰነዱ እንደ ወትሮው ተከምሮ ነበር፤ ደረጃውን ግን ሳላርፍ ወጣሁት።