የባንክ መተግበሪያ ግራፊንኦኤስ በተጫነበት ስልክ ላይ አልሠራም ሲል

ምልክት፦ መተግበሪያው የይለፍ ቁጥር ከመጠየቁ በፊት «የስልክዎ ደህንነት አልተረጋገጠም» ብሎ ይዘጋል።

ግራፊንኦኤስ (በአምራቹ ሥርዓት ምትክ የሚጫን፣ በአንድሮይድ ላይ የተመሠረተ የስልክ ሥርዓት) በተጫነባቸው የጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ይህን ደጋግሜ ፈትቻለሁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመኝ ምክንያት ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሥርዓቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሳይቆለፍ መቅረቱ ነው። ስልኩ ሲነሳ የሚታየውን የማስጠንቀቂያ ቀለም ይመልከቱ፤ ብርቱካናማ ከሆነ ቡትሎደሩ ክፍት ነው፣ ቢጫ ከሆነ ግን ተቆልፏል፤ ስልኩ የሚነግርዎ ከአምራቹ ሌላ ሥርዓት የተጫነበት መሆኑን ብቻ ነው። አንድ ደንበኛዬ መተግበሪያውን አራት ጊዜ አጥፍቶ ከጫነና ባንኩ ድረስ ሄዶ ከተጨቃጨቀ በኋላ ስልኩን አመጣልኝ፤ አጥፍቼ ሳበራው ሁለት ወር ሙሉ እያየ ሲያልፈው የነበረው ብርቱካናማ ጽሑፍ ወጣ። ግራፊንኦኤስን የጫነለት ሰው ቡትሎደሩን የምትቆልፈውን የመጨረሻዋን ትእዛዝ ሳይሰጥ ገንዘቡን ተቀብሎ ሸኝቶታል። እንዲህ ያለ ሥራ ያስቆጣኛል፤ ቡትሎደሩ ክፍት የሆነ ስልክ እጁ የገባ ሰው ሥርዓቱን ራሱን ሊለውጠው ስለሚችል፣ ቡትሎደሩ መቆለፉን የሚፈትሽ ባንክ መከልከሉ ተገቢ ነው።

መፍትሄ፦ ስልኩን በፋስትቡት ሁኔታ (ሥርዓቱ ሳይነሳ ከኮምፒውተር ትእዛዝ በሚቀበልበት ሁኔታ) ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው «ፋስትቡት ፍላሺንግ ሎክ» (fastboot flashing lock) የሚለውን ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ ይስጡ፤ በድምፅ ቁልፉ መርጠው በማብሪያው ያጽድቁ። ስልኩ ሲነሳ በአልሚዎች ምርጫ (Developer options) ውስጥ ያለውን የኦኢኤም መክፈቻ (OEM unlocking፣ ቡትሎደሩ እንዲከፈት የሚፈቅደውን ቅንብር) ያጥፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ መቆለፉ በስልኩ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፤ አስቀድመው መረጃዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሩት የተደረገ (ሙሉ የሥርዓት ሥልጣን የተከፈተበት) ወይም የተነካካ ሥርዓት ያለበትን ስልክ ፈጽሞ አይቆልፉ፤ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ባንኩ መተግበሪያውን ከስልኩ ጋር አስሮት ከሆነ እንደገና መመዝገብ ይኖርብዎታልና፣ ቅርንጫፎች በሚዘጉበት ቀን ዋዜማ አይጀምሩት።

ምልክት፦ መተግበሪያው እንደተከፈተ ያለ ምንም መልእክት ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በመተግበሪያው ውስጥ የተደበቀ የማኅደረ ትውስታ ስሕተት ነው፤ በመተግበሪያው መረጃ ገጽ ላይ የብዝበዛ ጥበቃ ተኳኋኝነትን (Exploit protection compatibility mode፣ ጥብቅ ጥበቃዎችን የሚያላላውን ቅንብር) ለእርሱ ብቻ ያብሩ።

ምልክት፦ ሲነሳ የሚታየው ማስጠንቀቂያ ቢጫ ነው፣ መተግበሪያው ከፕሌይ ስቶር ተጭኗል፣ አሁንም ይከለክላል። ባንኩ የጉግልን ፕሌይ ኢንተግሪቲ (መተግበሪያዎች የስልኩን ታማኝነት የሚጠይቁበት አገልግሎት) የመሣሪያ ደረጃ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ግራፊንኦኤስ መሠረታዊውን ደረጃ ያልፋል፤ ጉግል ያላጸደቀው ሥርዓት በመሆኑ ግን የመሣሪያውን አያልፍም። ለዓመታት የደህንነት ማሻሻያ ያላገኘ ስልክ ይህንኑ ደረጃ ሲያልፍ ማየት ያሳዝናል። ይህን የሚለውጥ ቅንብር የለም፤ ማረጋገጫውን አስመስለው የሚያሳልፉ ሞጁሎችም (በሥርዓቱ ላይ የሚጨመሩ ቅጥያዎች) ሩት ስለሚጠይቁ ጥበቃውን ያፈርሳሉ። ለባንኩ ይጻፉ፤ አንድሮይድ ራሱ ባለው የሃርድዌር ማረጋገጫ (ስልኩ የተጫነበትን ሥርዓት በራሱ ሃርድዌር የሚያረጋግጥበት መንገድ) የግራፊንኦኤስን ቁልፎች (ሥርዓቱ የተፈረመባቸውን ዲጂታል መለያዎች) ተቀብሎ ማስገባት እንደሚችል ያስረዱ። እስከዚያው በድረ ገጹ ይጠቀሙ፤ ቴሌብር ከሆነ *127# ይደውሉ።