የመስከረም ፀሐይ አይታመንም፦ ከክረምት በኋላ በቤት ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሦስት ወር ከጭቃና ከርጥበት ጋር ሲታገል የከረመ ቤተሰብ አደይ አበባ ብቅ ሲል አያስችለውም። ፍራሽ ይወጣል፣ ቀለም ይገዛል፣ የተደበቀው ሁሉ ይሰጣል። በዘመን አቆጣጠራችን ግን ክረምት የሚያበቃው መስከረም 25 ቀን ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል። (መስከረምን «ጸደይ» የምንል ብዙ ነን፤ ጸደይ የሚገባው ግን በመጋቢት መጨረሻ ነው።) በእኔ ቤት በየዓመቱ የተበላሸውን ነገር ስቆጥረው አብዛኛው የመጣው ያልደረቀውን «ደርቋል» ከማለት ነው።

ለዕንቁጣጣሽ ሲባል ግድግዳ መቀባት። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ቤቱ ያምር ብለን በጳጉሜን እንቀባለን። ግድግዳው ግን የሐምሌንና የነሐሴን ውኃ እንደጠጣ ነው። ኅዳር ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፤ ከሥሩም ያው የምናውቀው ሻጋታ ይወጣል። ለበዓሉ ሻጋታውን በውኃ በቀጠነ በረኪና ማጠብ ይበቃል። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ መስኮትም ይክፈቱ። ቀለሙ ጥቅምት ይጠብቅ።

ብርድ ልብስ አጥቦ መደበቅ። ክረምት ሲያልፍ ብርድም ያለፈ ይመስለናል። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ሌሊቱ የሚበረታው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም። ይጠቡ፣ ይሰጡ፣ ከዚያ ተመልሰው አልጋው ላይ ይነጠፉ። እኔ አንድ ዓመት ሁሉንም በሻንጣ ጠቅጥቄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬ፣ በኅዳር እኩለ ሌሊት ወንበር ላይ ቆሜ ሳወርድ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሻለሁ።

አጎበርን ፀሐይ ላይ ማስጣት። ቆላና ወይና ደጋ ለምትኖሩ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ በመሆኑ አጎበሩ አሁን ነው የሚያስፈልገው። ሲታጠብ ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል፤ ሲደርቅም ጥላ ሥር ይሁን። ጠንካራ ፀሐይ የተነከረበትን መድኃኒት ያዳክመዋል።

አሸንዳን እስከ ሰኔ መርሳት። ጣሪያው የት እንደሚያፈስ የምናስታውሰው አሁን ነው። ባልዲው የተቀመጠበትን ቦታ ኮርኒሱ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። አሸንዳው ውስጥ የተኛው ቅጠልና ደለል ካልተጠረገ ቆርቆሮውን ዝገት ይበላዋል።

ኅዳር 12 ቀን ያገኙትን ሁሉ ማቃጠል። «ኅዳር ሲታጠን» የመጣው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ራስ ተፈሪም ታመው ከዳኑት መካከል ናቸው። ልማዱን እወደዋለሁ፤ ግቢ በዓመት አንድ ቀን እስከ ጥጉ ይጠረጋል። የያኔው ቆሻሻ ግን ፌስታል፣ ጀሪካንና የጫማ ሶል አልነበረበትም። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ አስም ያለበት ልጅ ባለበት ግቢ ደግሞ ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ቅጠሉንና ጭራሮውን ይጠኑት፤ ፕላስቲኩን ለይተው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይስጡ።

በርበሬን ማጣደፍ። ሁሉም የሚጀምረው ገበያ ላይ ነው። ነጋዴው ሁሉ «የማረቆ ነው» ይላል፤ ይበል። እርስዎ ዛላውን ጨበጥ አድርገው ያዳምጡት። የደረቀው ይንኮሻኮሻል፣ ፍሬው ውስጡ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ርጥቡ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል፤ በኪሎ ሲመዘንልዎ የውኃውንም እየከፈሉ ነው። ሁለት ሦስቱን ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ። ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለበት ዋጋው ቢረክስም ይተዉት፤ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው፤ በማመስም በመቀቀልም አይጠፋም።

ቅንጠሳው ቤተሰቡን ሁሉ ይሰበስባል፤ ልጆችም መሳተፍ ይወዳሉ። ስህተቱ እጅን በውኃ ብቻ መታጠብ ነው። የበርበሬ ማቃጠል በውኃ አይሟሟም። መጀመሪያ እጅን በዘይት ማሸት፣ ከዚያ በሳሙና። ሕፃን ልጅ ዓይኑን ካሸ በኋላ ይህን ማወቅ አይጠቅምም።

ሲሰጣ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ወደ ቤት ይግባ። የጥቅምትና የኅዳር ጤዛ ቀኑን ሙሉ የደረቀውን በአንድ ሌሊት ያረጥበዋል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው አብረው ከተወቀጡና ድልሁ ከታፈነ በኋላ ደግሞ እንደገና እስኪንኮሻኮሽ መድረቅ አለበት። ብዙዎቻችን ትዕግሥታችን የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ደርቆ ከመሐሉ የረጠበ ድልህ የወፍጮውን ድንጋይ ይይዘዋል፤ ባለ ወፍጮውም ፊቱን ያጠቁራል።

እኔ ያን ሁሉ በትክክል አድርጌ የተሸነፍኩት መጨረሻው ላይ ነው። ከወፍጮ ቤት የመጣው በርበሬ ገና ትኩስ ነበር፤ መዓዛው እንዳይጠፋ ብዬ ወዲያው በፕላስቲክ በርሜል ከደንኩት። ለጥምቀት ዶሮ ልሠራ ስከፍተው ላዩ ጠጥሯል፤ ክዳኑ ሥር አረንጓዴ ነገር ተጋግሯል። አማቴ በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱትና፣ «ልጄ፣ አልቦት ነው የሞተው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የትኩስ ዱቄት እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ክዳኑ ላይ ውኃ ይሆንና ተመልሶ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ወዲህ በርበሬው ከወፍጮ ሲመጣ ሳሎኑ ውስጥ ነጭ አንሶላ ላይ ተነጥፎ ያድራል። ቤተሰቡም በሙሉ ሲያነጥስ ያድራል። ባለቤቴ በየዓመቱ ለምን በረንዳው ላይ እንደማላደርገው ይጠይቀኛል፤ እኔም በየዓመቱ «ጤዛ አለ» እለዋለሁ።