ሜካትሮኒክስ በማታ ለመማር ላሰባችሁ

ስራ እየሰራችሁ ኮሌጅ በኤክስቴንሽን ሜካትሮኒክስ (መካኒክ፣ ኤሌክትሪክና የማሽን ቁጥጥር አንድ ላይ) ልትማሩ ካሰባችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ወርክሾፑን አሳዩን በሉ፣ ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) እና ኒውማቲክ ትሬነር (በታመቀ አየር የሚሰራ መለማመጃ) አለ ወይ፣ ካለስ የማታ ተማሪ ይነካዋል ወይስ ተቆልፎበት ነው የሚያድረው? እውነቱን የሚነግራችሁ የአምና ተማሪ ነው።

ከዛ ኤሌክትሪኩን ቀድማችሁ ያዙ። ሪሌይ፣ ኮንታክተር (ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው)፣ የሞተር ስታርት ስቶፕ ሰርኪውት ከገባችሁ የፒኤልሲ ላደር (ፕሮግራሙ የሚሰራበት ስዕል) ብዙም አይከብድም ምክንያቱም ያው የሪሌይ ሰርኪውት ነው በሶፍትዌር የተሳለ። ቤት ለመለማመድ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት) እና መልቲሜትር ይበቃል፣ 5 ቮልት ስለሆነ አይነዝርም፣ ግን የፋብሪካ ሴንሰር ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው፣ ቀጥታ አርዱይኖው ላይ ከሰካችሁት ቻው በሉት።

ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ላይ የተግባር ፈተና ስላለ የላብ ቀን ሺፍት ቀያይራችሁም ቢሆን አትቅሩ፣ የቲዎሪ ኖት ከጓደኛ ኮፒ ይደረጋል።