የአውሮፕላን ካንዴላ ጥርሱ ሳይበላ እንዲገባ

በላይኮሚንግና በኮንቲኔንታል (ሁለቱም የአነስተኛ አውሮፕላን ፒስተን ሞተሮች ናቸው) ላይ የታችኞቹ ካንዴላዎች፣ ማለትም ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት፣ እጅ በደንብ በማይደርስበት ቦታ ናቸው። በቁልፍ ከተጀመሩ ተጣመው ይገቡና በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የሚጠመዘዙበትን ጥርስ ይበሉታል፤ ጥገናውም ውድ ነው።

መላው ይኸውላችሁ፦ አንድ ስንዝር ያህል ንጹህ የላስቲክ ቱቦ የካንዴላው ገመድ የሚታሰርበት ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ሰክታችሁ በቱቦው አሽከርክሩት። ጥርሱ ከተዛነፈ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል፤ ብረቱን ለማበላሸት የሚበቃ ጉልበት የለውም። ካንዴላው ሮንዴላው ላይ እስኪያርፍ ድረስ በእጅ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ከያዘ አውጥታችሁ ጥርሱን አጽዱ እንጂ ቁልፍ አታንሱ።

የመዳብ ሮንዴላው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ አንዴ የተጨፈለቀ ጠንክሮ በደንብ አይዘጋም። ካንዴላው እንዳይጣበቅ ጥርሱ ላይ የሚቀባው ቅባት በጣም ጥቂት ይበቃል። ብልጭታው በሚወጣበት ጫፍ (ኤሌክትሮዱ ባለበት) በኩል ያለውን የመጀመሪያ ጥርስ ሳትቀቡ ዝለሉት፣ ምክንያቱም ግራፋይት ያለበት ቅባት ሲሞቅ ወደ ኤሌክትሮዱ ወርዶ ብልጭታውን ያጠፋዋል። ማጥበቂያው በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ነው፦ ላይኮሚንግ 35 ፉት-ፓውንድ፣ ኮንቲኔንታል ከ25 እስከ 30። የሞተራችሁ ማኑዋል ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

ገመዱን ስታስሩ ነቱን ብቻ አዙሩ፤ ገመዱ አብሮ ከዞረ ውስጡ ይጎዳል።

ቱቦው ዘይት ወይም ቤንዚን የነካው ከሆነ አትጠቀሙበት፤ እድፉ ገመዱ በሚገባበት የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪኩን ያሾልካል። መሬት ላይ የወደቀ ካንዴላ ደግሞ ምንም ባይመስል ይጣል። የሴራሚኩ ስንጥቅ በዓይን አይታይም።