ሞተር ተቀይሮ ሽቦው አልስማማ ሲል

ሞተሩ ገብቷል፣ ካምቢዮው ታስሯል፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም በደንብ ያዞራል። መኪናው ግን አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተር ጥፋተኛ አድርጎ ሌላ ፍለጋ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ መሮጥ የተለመደ ነው። ገንዘቡን ይያዙት። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ሽቦው ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ያለው የአዲሱ ሞተር ሽቦ ከመኪናው ሽቦ ጋር በተገናኘበት ቦታ ነው።

ለምሳሌ 5ኤ-ኤፍኢ ሞተር የነበረው ቶዮታ ኮሮላ ላይ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ገባ እንበል። ሁለቱም 1.5 ሊትር ናቸው። ነገር ግን የመጀመሪያው እሳት የሚያከፋፍለው በዲስትሪቢዩተር ሲሆን ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ካንዴላ እሳት የሚሰጥ የራሱ ኮይል አለው። አንዱ የአየሩን ግፊት ይለካል፣ ሌላው የሚገባውን የአየር መጠን። ስለዚህ አዲሱን ሞተር በአሮጌው ኮምፒውተር ለማሠራት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

1. ኮምፒውተሩ ሞተሩን ይከተል። ሞተሩን፣ ያልተቆረጠ ሽቦውንና ኮምፒውተሩን ከአንድ መኪና ይውሰዱ። ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር) በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ የነዳጅ ፔዳሉም አብሮ ይምጣ። ኮምፒውተሩ ቁልፍ የሚለይ ከሆነ ቁልፉና አንባቢው ካልመጡ በኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

2. ሽቦ ከመንካትዎ በፊት ወረቀት ላይ ይሥሩ። የሁለቱንም መኪኖች የሽቦ ንድፍ ያግኙና እያንዳንዱ የኮምፒውተር ሽቦ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጻፉ። ቀለምን አይመኑ። ቶዮታ ላይ ቡናማው፣ እንዲሁም ጥቁር ሰረዝ ያለው ነጭ ሽቦ ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ ነው፤ እሱንም ቢሆን ለክተው ያረጋግጡ። የሶኬቱን ቀዳዳዎች ሲቆጥሩ ንድፉ ሶኬቱን ከየትኛው ወገን እንደሚያሳይ ይመልከቱ። ከፊት ያለው ቁጥር ከሽቦው ወገን ሲታይ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ጥንቁቅ ባለሙያዎችን ሳይቀር የሚያሳስተው ይህ ነው።

ወረቀቱ ሲጠናቀቅ ሥራው ከተፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ከመኪናው ጋር የሚገናኙት በአብዛኛው ጥቂት ሽቦዎች ናቸው፦ የማይቋረጥ ኃይል፣ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ ኃይል፣ የሞተሪኖ ምልክት፣ የነዳጅ ፓምፕ ሪሌ (ፓምፑን የሚያበራው ማብሪያ)፣ የዳሽቦርድ መብራቶችና መለኪያዎች፣ የመመርመሪያው ሶኬት።

3. ባትሪውን ይንቀሉ። ቢጫ ሶኬት ያላቸው ሽቦዎች የኤርባግ ናቸው። በአጠገባቸው የሚሠሩ ከሆነ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። እነሱን ራሳቸውን ግን አይንኩ።

4. ሽቦው ተገናኝቶ ባትሪው ከተመለሰ በኋላ ኃይልና ኔጌቲቭ ይለኩ። ዲጂታል መልቲሜትር ይጠቀሙ፤ አምፖል ያለው መፈተሻ ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሙሉ የሆነና ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ቁልፍ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ጋ ከዚህ እምብዛም ያላነሰ መድረስ አለበት፤ ሞተሪኖው ሲያዞርም መቋረጥ የለበትም። ለሬዲዮ የሚሄደው ሽቦ ሞተሪኖ ሲያዞር ይቋረጣል። የኮምፒውተሩን ኃይል ከእሱ የወሰደ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያዞር መኪናው አይነሳም፤ አንዳንዴ ቁልፉ ሲለቀቅ ብቻ እሳት ይይዛል።

ኔጌቲቩን ለመፈተሽ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ያገናኙና ሞተሪኖውን ያሠሩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መስመሩ ደካማ ነው። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ተረስቶ፣ ወይም ቀለም ላይ ታስሮ ይሆናል።

5. የሴንሰሮቹን 5 ቮልት ይፈልጉ። ቶዮታ ኮምፒውተር ላይ ቪሲ በሚባለው ቀዳዳና ኢ2 በሚባለው ቀዳዳ መካከል ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት ሊኖር ይገባል። ከጠፋ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ችግሩ በዚያ ሴንሰር ወይም በሽቦው ላይ ነው። ኢ2 የሴንሰሮች መመለሻ ስለሆነ ከመኪናው ብረት ጋር አያስሩት።

6. የክራንክ ሴንሰሩን (የክራንኩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን) ምልክት ይመልከቱ። ሞተሪኖው ሲያዞር የመመርመሪያ መሣሪያው የሞተሩን ፍጥነት ዜሮ ካሳየ፣ ወይም ፒ0335 የሚል ኮድ ካወጣ፣ እሳትም ነዳጅም አይጠብቁ። ሁለት ሽቦ ያለው ሴንሰር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ቢገለበጥ ኮምፒውተሩ የክራንኩን ቦታ ያዛባል። የሽቦው መከላከያ ሽፋንም አይቆረጥ፤ ከኮይል ሽቦዎችም ይራቅ።

7. ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። የቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኮምፒውተሩ ቁልፉን አላወቀም፤ ይህ ሽቦ በመፈለግ አይፈታም፣ ቁልፉን የሚመዘግብ ባለሙያ ያስፈልጋል። ፒ1300 ወይም የዚያ ቤተሰብ ኮድ ከወጣ ደግሞ ኮይሎቹ መተኮሳቸውን ለኮምፒውተሩ የሚያሳውቀው አይጂኤፍ የተባለው ሽቦ ተቋርጦ ይሆናል። ምልክቱ ካልደረሰው ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል። ኮይል ከመግዛትዎ በፊት ይህን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ።

8. ተነስቶ የሚንገጫገጭ ከሆነ እያንዳንዱ የኮይልና የኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ሶኬት በየራሱ ሲሊንደር ላይ መሆኑን ይመልከቱ፤ የኮይሎቹ እርስ በርስ፣ የኢንጀክተሮቹም እርስ በርስ መልካቸው አንድ ስለሆነ በቀላሉ ይቀያየራሉ። የማቀዝቀዣ ውሃው ሙቀት ሴንሰር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ያሳያል። ከዚህ በጣም ከበለጠ ኮምፒውተሩ ትኩሱን ሞተር ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ያበዛል።

የተጠማዘዘና በናስትሮ የታሸገ ሽቦ ሞተር አጠገብ ብዙ አይቆይም። ተበይዶ በሙቀት የሚጣበቅ ሽፋን ይግባበት፤ መጋጠሚያዎቹም አንድ ቦታ ላይ አይደራረቡ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ ሽቦዎቹን በተራ ነቅነቅ ያድርጉ፤ ከሚሽከረከሩና ከሚፋጁ ክፍሎች ግን እጅዎን ያርቁ። የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ሽቦውን በመጨረሻ ጠቅልሎ ማሰር ይቻላል።