ኮምፒውተር ከተዘጋ በኋላ ኃይሉ በራሱ እንዲቋረጥ ሲፈለግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምፒውተሩ እንዲዘጋ ታዝዞ ስክሪኑ ከጨለመ በኋላ ፋኑ መዞሩን የሚቀጥል ወይም የማብሪያው መብራት እንደበራ የሚቀር ከሆነ፣ ሥራው መንገድ ላይ ቆሟል ማለት ነው። መዝጋት የምንለው ተግባር ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ስርዓተ ክወናው ክፍት ፕሮግራሞችን ይዘጋል፣ ገና በሜሞሪ ውስጥ ያለውን መረጃ ወደ ዲስክ ይጽፋል፣ በመጨረሻም ራሱን ያቆማል፤ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ በማዘርቦርዱ (በዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) በኩል ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ሰጪው ሳጥን) ኃይል መስጠቱን እንዲያቋርጥ ትእዛዝ ይተላለፋል። የመጀመሪያው ያለ እንከን ተፈጽሞ ሁለተኛው ሊከሽፍ ይችላል፤ ሁለተኛው ጤናማ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ባለማለቁ ተራው ሳይደርሰው ሊቀርም ይችላል። ከታች የቀረቡት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

ችግሩ የት ላይ እንደቆመ ሳይለዩ መነካካት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም የተሳሳተውን ክፍል የሚያክም ሰው ጤነኛውን ያበላሻል። መለየቱ ግን ከባድ አይደለም። በስክሪኑ ላይ «በመዝጋት ላይ» የሚለው መልእክት ለረጅም ጊዜ ከቆየ ችግሩ ያለው በመጀመሪያው ክፍል ነው፤ አንድ ፕሮግራም፣ ከጀርባ የሚሠራ አገልግሎት ወይም ድራይቨር (ስርዓተ ክወናውን ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ለመዝጊያው ትእዛዝ መልስ አልሰጠም። ስክሪኑ ጨልሞ፣ የዲስኩ መብራት ብልጭታውን አቁሞ፣ ፋኑና የማብሪያው መብራት ብቻ ከቀሩ ግን ጉዳዩ ኃይል እንዲቋረጥ ከሚተላለፈው ትእዛዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ራሱን መልሶ የሚያበራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ጉዳይ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመጣለን።

በዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪወር የተባለው የክስተቶች መዝገብ ለዚህ ልየታ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ቁጥር 1074 ኮምፒውተሩ እንዲዘጋ ያዘዘው ተጠቃሚ ወይም ፕሮግራም ማን እንደሆነ ያሳያል፤ ቁጥር 6006 የክስተት መመዝገቢያው አገልግሎት በሥርዓቱ መቆሙን ያመለክታል፤ ቁጥር 6008 የቀደመው መዘጋት ያልተጠበቀ እንደነበረ ይናገራል፤ ቁጥር 41 ደግሞ ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ እንደገና መነሳቱን ይገልጻል። ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ታዝዞ ቁጥር 6006 ከተመዘገበና ፋኑ አሁንም የሚዞር ከሆነ፣ ዊንዶውስ የራሱን ድርሻ ወደ ማጠናቀቁ ደርሶ ነበር ብሎ ወደ ሁለተኛው ክፍል ማለፍ ይቻላል።

የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝን የዘወትር መዝጊያ ማድረግ

የዛሬ ኮምፒውተሮች የማብሪያ ቁልፍ የኤሌክትሪክ መስመር አይቆርጥም፤ ለማዘርቦርዱ ምልክት ብቻ ይሰጣል። ለአጭር ጊዜ ሲጫኑት ጥያቄው ወደ ስርዓተ ክወናው ይሄዳል፤ ከ4 ሰከንድ በላይ ተጭነው ሲይዙት ግን ማዘርቦርዱ ማንንም ሳይጠይቅ ኃይሉን ያስቋርጣል። ይህ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ መውጫ ነው። ችግሩ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ባለበት ኮምፒውተር ይህን ማዘውተር፣ ገና ወደ ዲስክ ያልተጻፈ መረጃ እንዲጠፋና የፋይሎቹ መዋቅር እንዲዛባ በር ይከፍታል። ዲስኩ ሥራውን ጨርሶ ፋኑ ብቻ በቀረበት ሁኔታ ጉዳቱ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ያም ቢሆን ችግሩን ያስታግሳል እንጂ አይፈውስም። ገመዱን ከሶኬት መንቀል ከዚህ የተሻለ አይደለም።

ፈጣን ማስጀመሪያውን መዘንጋት

እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች «ሻትዳውን» ሲባሉ ሙሉ በሙሉ አይዘጉም። ፋስት ስታርትአፕ (ፈጣን ማስጀመሪያ) የተባለው አሠራር በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ የተጠቃሚውን ፕሮግራሞች ከዘጋ በኋላ፣ የከርነሉን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) እና የድራይቨሮቹን ይዞታ ወደ ዲስክ ጽፎ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ያነሳዋል። በመሆኑም የተበላሸ ይዞታ ላይ ያለ ድራይቨር ኮምፒውተሩ በተደጋጋሚ ቢዘጋና ቢከፈትም ብልሽቱን ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ሪስታርት ሲደረግ ግን ሁሉም ከመጀመሪያው ስለሚነሳ ችግሩ ይሰወራል። «ሪስታርት ሲደረግ ደህና ነው፣ ሲዘጋ ግን አይጠፋም» የሚለው አቤቱታ በተደጋጋሚ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስህተቱ፣ ይህን ሳያጣሩ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ወደ መጫን መሮጥ ነው። ማጣሪያው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በኪቦርዱ ላይ የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ ይዞ ከማውጫው ውስጥ ሻትዳውንን መምረጥ ለዚያች ጊዜ ብቻ ሙሉ መዘጋትን ያስፈጽማል። በዚህ መንገድ ኃይሉ በትክክል ከተቋረጠ ጥፋቱ ከፈጣን ማስጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ወደ ፓወር ኦፕሽንስ ገብቶ፣ የማብሪያ ቁልፎች ተግባር በሚወሰንበት ገጽ ላይ የፈጣን ማስጀመሪያውን ምልክት ማንሳት ይበቃል፤ ምርጫው ደብዝዞ ከታየ በዚያው ገጽ ላይ ያለውን የአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቂያ አስቀድሞ መጫን ያስፈልጋል። የሚከፈለው ዋጋ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ መውሰዱ ብቻ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስንና ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ስርዓተ ክወና ጎን ለጎን ለሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ማጥፋት ከዚህ ችግር ውጭም ይጠቅማል፤ በግማሽ የተዘጋ ዊንዶውስ የራሱ የዲስክ ክፍልፍል በሊኑክስ በኩል ለመጻፍ እንዳይከፈት ሊያደርግ ስለሚችል ነው።

ፈጣን ማስጀመሪያውን ማጥፋት ችግሩን ቢያስወግድ እንኳ ምርመራው እዚያ ላይ ባይቆም ይመረጣል። በኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ ማኔጅመንት ኢንጅን ከተባለው ክፍል ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር፣ እንዲሁም የቺፕሴት ድራይቨሮች በተደጋጋሚ ለዚህ ብልሽት ምክንያት ሆነው ተገኝተዋል። የተስማማውን ድራይቨር ከማዘርቦርዱ ወይም ከላፕቶፑ አምራች ገጽ፣ ሞዴሉን በትክክል አረጋግጦ መውሰድ ይገባል። ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ እናድሳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አጥብቄ አልመክርም፤ የትኛው ለውጥ ምን እንዳስከተለ ለማወቅ የማይቻልበት ሁኔታ ይፈጥራሉና።

የጥበቃ ጊዜውን በማሳጠር ችግሩን መሸፈን

ዊንዶውስ ለጀርባ አገልግሎቶች በሥርዓት እንዲቆሙ የተወሰነ ጊዜ ይሰጣል፤ በዊንዶውስ 10 ይህ በተለመደው ቅንብር 5 ሰከንድ ነው። ይህን ቁጥር በሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ ወደ 1 ወይም 2 ሰከንድ ማውረድን የሚመክሩ ጽሑፎች ሞልተዋል። ምክሩ ኮምፒውተሩን ፈጥኖ ያዘጋ ይሆናል፤ ነገር ግን የዳታቤዝ አገልግሎት ወይም የመጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራ ፕሮግራም መዝገቡን ሳይጨርስ ይገደላል። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ላይም አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ሲስተምዲ የተባለ ፕሮግራም አንድ አገልግሎት እስኪቆም ድረስ በተለመደው ቅንብር 90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ በስክሪኑ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት ይህ ነው፣ የአገልግሎቱ ስምም አብሮ ይታያል። ትክክለኛው መንገድ ያንን ስም ይዞ፣ ካለፈው ጊዜ መዝገብ ውስጥ አገልግሎቱ ለምን እንዳልቆመ ማየት ነው።

በሊኑክስ ላይ «ሃልት» እና «ፓወርኦፍ» የተባሉትን ትእዛዞች ማምታታት

ሃልት ስርዓተ ክወናውን ያቆማል፤ ኃይሉን ማቋረጥ ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ስርዓቱ መቆሙን የሚናገር መልእክት በስክሪኑ ላይ ቢቀርና ኮምፒውተሩ እንደበራ ቢቆይ፣ የታዘዘውን ፈጽሟል እንጂ አልተበላሸም። ኃይሉ እንዲቋረጥ የሚፈልግ ሰው ፓወርኦፍን ማዘዝ አለበት፤ በቆዩ የትእዛዝ ፋይሎች ውስጥ ሃልት የሚለው ቃል ተጽፎ ከሆነም መለወጥ ይኖርበታል።

ከዚህ የበለጠ ሳይስተዋል የሚያልፈው ግን ሌላ ነው። ሊኑክስ ሲጫን እንቢ ባለበት ጊዜ፣ ብዙዎች ለከርነሉ «ኤሲፒአይ ኦፍ» የሚል መመሪያ ይጨምሩለታል፤ መጫኑ ይሳካል፣ መመሪያው ግን በማስነሻው ቅንብር ውስጥ እንደተጻፈ ይቀራል። ኤሲፒአይ ማለት ስርዓተ ክወናው ከባዮስ (በማዘርቦርዱ ላይ ከተቀመጠው የማስነሻ ፕሮግራም) ጋር ስለ ኃይል አያያዝ የሚነጋገርበት ደንብ ስለሆነ፣ እርሱን አጥፍቶ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲጠፋ መጠበቅ መንገዱን ዘግቶ እንግዳ እንደ መጠበቅ ነው። ከማንኛውም ሌላ ፍተሻ በፊት ይህ መመሪያ አለመኖሩን ማረጋገጥ ብዙ ድካም ያድናል።

መሣሪያው የማይችለውን ከሶፍትዌር መጠበቅ

ይህ የሚመለከተው አሮጌ ኮምፒውተሮችን ይዘው የሚሠሩ ሰዎችን ነው። ኤቲ በተባለው የቀድሞ አሠራር የማብሪያው ቁልፍ ዋናውን የኤሌክትሪክ መስመር በቀጥታ ይከፍትና ይዘጋ ነበር፤ ስለሆነም ሶፍትዌር ኃይሉን የሚያቋርጥበት መንገድ አልነበረም። ዊንዶውስ 95 «አሁን ኮምፒውተርዎን ማጥፋት ይችላሉ» የሚለውን መልእክት የሚያሳየው ለዚህ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው ደንብ ይህን ለወጠው፤ ማዘርቦርዱ በአንድ ቀጭን ገመድ፣ በተለምዶ አረንጓዴ በሆነው፣ ፓወር ሰፕላዩን ያበራዋል ያጠፋዋልም። በስርዓተ ክወናው በኩል ደግሞ መጀመሪያ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ኤፒኤም የተባለው የኃይል አያያዝ ደንብ፣ ቀጥሎም በ1996 መጨረሻ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ያወጡት ኤሲፒአይ መጡ። ኤቲኤክስ የሌለው፣ ወይም ከኤፒኤምና ከኤሲፒአይ አንዱም የሌለው ኮምፒውተር በምንም ቅንብር በራሱ አይጠፋም።

በዊንዶውስ 2000 እና በኤክስፒ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ስርዓቶች ኮምፒውተሩ ኤሲፒአይ መደገፉንና አለመደገፉን የሚወስኑት በሚጫኑበት ጊዜ ነው። ከተጫኑ በኋላ በባዮስ ውስጥ ኤሲፒአይን ማብራት ወይም ማጥፋት ዊንዶውሱ ጭራሽ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል። ኤፒኤም ብቻ ባለው ኮምፒውተር ላይ ግን በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ኤፒኤም የሚል ትር ካለ የድጋፍ ምልክቱን ማድረግ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ራሱን መልሶ የሚበራን ኮምፒውተር አልጠፋም ብሎ መቁጠር

ኃይሉ በትክክል ተቋርጦ ኮምፒውተሩ ከተነሳ፣ የሚፈለገው የቀሰቀሰው ነገር ነው። የኔትወርክ ካርዱ በመስመር ላይ በሚመጣ መልእክት እንዲያነሳው ተፈቅዶለት ይሆናል፤ በባዮስ ውስጥ የመነሻ ሰዓት ተሞልቶ ወይም ኪቦርድና ማውስ እንዲቀሰቅሱት ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ሌላው ምክንያት ዊንዶውስ በመዘጋት ላይ ሳለ ከባድ ስህተት ገጥሞት ራሱን ሪስታርት ማድረጉ ነው። በሲስተም ቅንብር ውስጥ ስህተት ሲፈጠር በራሱ ሪስታርት እንዲያደርግ የሚያዘውን ምልክት ማንሳት፣ ቀድሞ በፍጥነት ያልፍ የነበረው ሰማያዊ ስክሪን እንዲቆምና የስህተቱ መለያ እንዲነበብ ያደርጋል።

የመጠባበቂያ ኃይልን እንደ ብልሽት ማየት፣ ወይም ጨርሶ መርሳት

የተዘጋ ኤቲኤክስ ኮምፒውተር ገመዱ ሶኬት ውስጥ እስካለ ድረስ ባለ 5 ቮልት የመጠባበቂያ ኃይል ይቀበላል። በማዘርቦርዱ ላይ የሚታይ ትንሽ መብራት ወይም የማውስ ብርሃን ከዚህ የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን የብልሽት ማስረጃ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የጠፋ መሣሪያ ከ0.5 ዋት በላይ እንዳይወስድ በመደረጉ፣ በብዙ ባዮሶች ውስጥ ኢአርፒ የሚል ምርጫ አለ፤ እርሱን ማብራት ይህን ኃይል ወደ ዝቅተኛው ያወርደዋል፣ ነገር ግን በኔትወርክ ወይም በኪቦርድ መቀስቀስንም ሊያስቀር ይችላል። የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያም ወደ ኮምፒውተሩ ኃይል ሊመልስ ስለሚችል፣ ውጫዊ መሣሪያዎችን ሁሉ ነቅሎ መሞከር ተገቢ ነው። ኮምፒውተሩን የሚከፍት ሰው ግን ስለጠፋ ብቻ ከኃይል ነፃ ነው ብሎ ማሰብ የለበትም፤ ገመዱን ይንቀል። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን መክፈት ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ነው።

በጊዜ የታዘዘ መዘጋት ያልተቀመጠ ሥራን እንደሚጠብቅ ማመን

በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ ለማዘዝ 3600 ሰከንድ የሚል ቁጥር ይሰጣል። ከ0 የሚበልጥ የጥበቃ ጊዜ ሲሰጥ ግን ክፍት ፕሮግራሞች በግድ እንዲዘጉ አብሮ እንደታዘዘ ይቆጠራል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል።

ባዮስ ማደስን የመጀመሪያ እርምጃ ማድረግ

አዲስ ባዮስ የኃይል ማቋረጥ ጉድለትን የሚያርምበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም እድሳቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሳ ስለሚችል ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ከእርሱ በፊት ሁለት ነገር ይደረግ። አንደኛው የባዮሱን ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይዞታ መመለስ ነው። ሁለተኛው ሊኑክስን ሳይጭኑ ከዩኤስቢ ፍላሽ ላይ አስነስቶ ከዚያ ውስጥ ኮምፒውተሩን መዝጋት ነው፤ ኃይሉ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ ይሠራሉ፣ ጥፋቱም በተጫነው ዊንዶውስ ወይም በድራይቨሮቹ ላይ ነው፤ ካልተቋረጠ ግን ባዮሱን ወይም መሣሪያውን መጠርጠር ይገባል። እድሳቱ የግድ ሲሆን ለትክክለኛው ሞዴል የተሠራውን ፋይል ብቻ መጠቀም፣ ላፕቶፕ ከሆነም ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ እንደተሰካ መሥራት ያስፈልጋል። እድሳቱ ቀድሞ የተመረጡትን ቅንብሮች ሊሰርዝ ስለሚችል፣ መዝጊያው ከመሞከሩ በፊት የመቀስቀሻዎቹና የኢአርፒ ምርጫዎች እንደገና መታየት አለባቸው።