ወፍ ሳይደርስ መንጠቆው ይስመጥ

ቱና የሚያጠምድ መርከብ ከኋላው ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ገመድ ይለቃል፤ ገመዱ ላይ በሺዎች የሚቆጠር መንጠቆ፣ በየመንጠቆው ደግሞ ትንሽ ዓሣ ወይም ስኩዊድ። አልባትሮስ የሚባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ይህን ሲያይ ድግስ የተጠራ ይመስለዋል። ይውጣል፣ መንጠቆው ይይዘዋል፣ ገመዱ ቁልቁል ይዞት ይሄዳል። ትልቁ አልባትሮስ በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለሚጥል የሞተው ቶሎ አይተካም።

መፍትሔው ግን ከባድ አይደለም። መንጠቆው ተጥሎ ወፍ የማይደርስበት ጥልቀት እስኪገባ ባለችው አጭር ጊዜ ወፉን ከመንጠቆው ማራቅ ነው።

መጀመሪያ ማስፈራሪያውን ስቀሉ። ጃፓኖች የጀመሩት ነው፤ "ቶሪ" ይሉታል፣ ወፍ ማለት ነው። ከመርከቡ ኋላ ከፍ ካለ ምሰሶ ላይ ገመድ ታስሮ ጫፉ ውሃ ላይ ይጎተታል፣ በየ5 ሜትሩ ደማቅ ጥብጣብ ይንጠለጠልበታል። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ግን ተጠንቀቁ፦ ምሰሶው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ካልሆነ ጥብጣቡ ወዲያ ይወሰድና መንጠቆው ያለ ጠባቂ ይቀራል። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ገመድ በሕግ አስገደደች። የረጅም ገመድ መርከቦቿ በ2009 ወደ 22,000 ወፍ ይገድሉ ነበር ተብሎ ይገመታል፤ በ2018 ወደ 200 ገደማ ወርዷል። የማስፈራሪያውን ገመድ የሚሠሩት ደግሞ የናሚቢያ ወደብ የዋልቪስ ቤይ ሴቶች ናቸው፣ ይቺን ነገር ወድጃታለሁ።

ቀጥሎ ክብደት። ከመንጠቆው በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ 40 ግራም እርሳስ (ከባዱን ብረት) እሰሩ፣ ቶሎ ይሰምጣል። መርከበኞች ይህን የሚጠሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሲጎተት ገመዱ ከተበጠሰ እርሳሱ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወደ ፊታቸው ይወነጨፋል። ለዚህ ገመዱ ላይ የሚንሸራተት እርሳስ አለ፣ እሱን ግዙ።

ገመዱን በሌሊት ጣሉ፣ መብራቱንም ቀንሱ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ጨለማውን አትመኑት። የዓሣ አንጀትም ገመድ በሚጣልበት ሰዓት አትድፉ፣ ወፍ መጥራት ነው።

መንጠቆ የያዘው ወፍ በሕይወት ከወጣስ? ገመዱን አትጎትቱ። በፎጣ ጠቅልሉት፣ ደረቱን ሳትጨምቁ፤ አፉን ያዙ፣ የአፍንጫውን ቀዳዳ ግን አትድፈኑ። መንጠቆው ከታየ ሹል ጫፉን በፒንሳ ቆርጣችሁ የቀረውን በገባበት መልሱት። ከተዋጠና ካልታየ ገመዱን እስከቻላችሁት አጠገቡ ቁረጡና ተዉት። ላባው እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውሃው ላይ ልቀቁት።